ምዕራፍ ሰባት፦ ከጓደኞቹ ጋር የበደለው ወጣት

ወንጀል የሠራ ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ሰነድ ተመርምሮ፣ ጥፋተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ተመልካቹ ሕዝብ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መስሎት ከችሎቱ ለመውጣት ሲነሣ፣ ለዳኛው ግን ከሁሉ የከበደው ሥራ የሚጀምረው ገና ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋትን ማረጋገጥ ስላለፈው ነገር መፍረድ ነውና፣ ያለፈውን ያየ ዐይን፣ የሰማ ጆሮ፣ የተያዘ ኤግዚቢት ይገኛል፤ ቅጣትን መወሰን ግን ስላለፈው ብቻ ሳይሆን ገና ስላልመጣውም ጭምር መፍረድ ስለ ሆነ፣ ስለሚመጣው ዘመን ቀርቦ ቃሉን የሚሰጥ ምስክር ከቶ አይገኝም። ይህም ሥራ በተለይ የሚከብደው፣ ከዚህ ቀደም የፖሊስ ጣቢያን ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ የ18 ወይም የ19 ዓመት ልጅ፣ ከእኩዮቹ ጋር ሆኖ በሠራው የውንብድና ወንጀል ተፈርዶበት በቆመ ጊዜ ነው።

ሌባ ንብረትን ብቻ ይወስዳል፤ ወንበዴ ግን ንብረቱን ለመውሰድ ሲል በሰው አካልና በሰው መንፈስ ላይ እጁን ያነሣል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 670 እንደ ደነገገው፣ ለመስረቅ በማሰብ ወይም በሚሰርቅበት ጊዜ በሌላ ሰው ላይ የኀይል ድርጊት የፈጸመ፣ ወይም በከባድ ዛቻ ያስፈራራ፣ ወይም በሌላ መንገድ እንዳይከላከል ያደረገ ሰው እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ጽኑ እሥራት ከ1 ዓመት የማያንስ በመሆኑ፣ ለዳኛው የተሰጠው ስፋት ከ1 ዓመት እስከ 15 ዓመት የተዘረጋ ነው ማለት ነው። ወንበዴው ለስርቆት ወይም ለውንብድና የተቋቋመ ቡድን አባል በሆነ ጊዜ ግን አንቀጽ 671 ይመጣል፤ በዚያም መነሻው 5 ዓመት፣ መድረሻው 25 ዓመት ነው። በእነዚህ በሁለቱ አንቀጾች መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ልጅ የወጣትነቱ ዘመን ልዩነት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ ምሳሌው የማንም ሰው ታሪክ ባይሆንም በከተማ ችሎቶች ለዋለ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሦስት ልጆች ናቸው። ታላቁ 24 ዓመት የሞላውና ቀድሞ በስርቆት ታስሮ የወጣ ነው፤ መካከለኛው 20 ዓመቱ ነው፤ ታናሹ 18 ዓመት ከሞላው ገና ሦስት ወሩ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤቷ ስታመራ፣ ታላቁ ከኋላዋ መጥቶ አንገቷን በክንዱ ያንቃል፤ መካከለኛው ስልኳን ከእጇ፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ይነጥቃል፤ ታናሹ ደግሞ ከመታጠፊያው ላይ ቆሞ ሰው እንዳይመጣ ያያል። ሦስቱም ይሮጣሉ። ስልኩ በማግሥቱ ይሸጣል፤ ከሽያጩም ለታናሹ 500 ብር ይደርሰዋል። በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ሁሉንም ይይዛቸዋል፤ ታናሹ በተያዘበት ሌሊት ያደረገውን ሳይደብቅ ይናገራል።

ስለ ልጁ ከመናገራችን አስቀድሞ ስለ ሴቲቱ መናገር ይገባል፤ ለወጣት ጥፋተኛ የሚራሩ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት በዚህ ላይ ነውና። የጠፋባት ስልክ ሊተካ ይችላል፤ የታነቀው አንገቷ ግን ለቀናት ምግብ ለመዋጥ አስቸግሯታል፤ ከሥራ አምሽታ መውጣት ስለ ፈራች የማታውን ተራ ለሌላ ሰው ትታለች፤ ከኋላዋ የእግር ኮቴ በሰማች ቍጥር ልቧ ይርዳል። ይህን ፍርሀት ያመጡባት ሦስቱ በአንድነት ናቸው፤ ከመታጠፊያው ላይ የቆመው ልጅ ባይኖር ኖሮ ምናልባት አንድ መንገደኛ ደርሶ ባስጣላት ነበር። ስለዚህ ‹‹እኔ አልነካኋትም›› የሚለው የታናሹ ቃል እውነት ቢሆንም ንጹሕ አያደርገውም።

ሕጉም ይህን ቃል ተቀብሎ አያሰናብተውም። አንቀጽ 32 ዋና ወንጀል አድራጊ የሚለው በእጁ የሠራውን ብቻ አይደለም፤ ድርጊቱን ራሱ ባይፈጽምም በሙሉ ሐሳቡና አድራጎቱ በወንጀሉና በሚሰጠው ውጤት ሙሉ ተካፋይ የሆነውንም ጭምር ነው። በሌላው ወገን አንቀጽ 37 አባሪ ስለሚባለው ይናገራል፤ እርሱም ወንጀሉን የራሱ ሳያደርግ ሌላውን በምክር፣ በመሣሪያ ወይም በሌላ ርዳታ የደገፈ ነው። ጥበቃ ቆሞ የነበረው ልጅ ከሁለቱ የትኛው ነው? መልሱ የሚገኘው ከቆመበት ቦታ ሳይሆን ከልቡ ሐሳብ ነው፤ አስቀድሞ ተማክሮ፣ ድርሻውን ተስማምቶ፣ ትርፉን ተስፋ አድርጎ የቆመ እንደ ሆነ ዋና አድራጊ ነው፤ በመንገድ ላይ ‹‹እዚህ ቁም›› ተብሎ፣ ምን ሊደረግ እንደ ሆነ በግማሽ ተረድቶ የቆመ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዐቃብያነ ሕግ ሦስቱን በአንድ ክስ፣ በአንድ አንቀጽ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማቅረባቸው የተለመደ ነው፤ ‹‹በጋራ በመሆንና በመተባበር›› የምትለዋ ሐረግ ሁሉንም በአንድ ላይ ታስራቸዋለች። ለክስ አጻጻፍ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው ያችው ሐረግ ከክሱ ወደ ቅጣቱ ሳትመረመር ያለፈች ጊዜ ነው።

በደልን በጋራ የማየት ልማድ በሀገራችን ሥር የሰደደ ነው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በሚባለው በቀድሞው ሥርዐት፣ ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ፣ የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ወደ ቤቱም ወደ እርሻውም እንዳይሄድ ይከለከል ነበር፤ ጥፋተኛው ካልተገኘም ሀገሬው ተባብሮ ካሣውን ይከፍል ነበር። ፖሊስና መርማሪ ባልነበረበት ዘመን ይህ ሥርዐት የራሱ ጥበብ እንደ ነበረው መካድ አይገባም። ከዚያ በኋላ የ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መጣ፤ ቀጥሎም የጄኔቫው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ ይህም ሕግ ቅጣት በእያንዳንዱ ሰው ጥፋት ልክ እንዲመዘን አጥብቆ አዘዘ። ይሁን እንጂ የቀድሞው ዘመን መንፈስ ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ በከባድ ስርቆትና በከባድ ውንብድና ለተፈረደበት ወንድ እስከ 40 የሚደርስ ግርፋት፣ ለወጣት ጥፋተኞችም እስከ 12 የሚደርስ የበትር ምት በዚሁ ሕግ ተፈቅዶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ ሁለቱንም አስወግዶ፣ ቅጣት ሁሉ ለሰው ልጅ ክብር ከሚገባው አክብሮት ጋር የተስማማ እንዲሆን በአንቀጽ 87 ደነገገ። ከአንድ ትውልድ ዕድሜ ብዙም ባልራቀ ጊዜ ውስጥ የሆነ ለውጥ ነውና፣ ትልቅነቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ቤተ ክርስቲያናችን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ልብና ሥራ እንዲመዘን ከሕግ ሊቃውንት አስቀድማ በታሪክ መልክ ታስተምር ነበር። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ በተሰደደች ጊዜ በምድረ በዳ ያገኟት ጥጦስና ዳክርስ የተባሉ ሁለት ወንበዶች፣ በአንድ መንገድ ያደፈጡ፣ በአንድ ሥራ የሚኖሩ ነበሩ፤ ነገር ግን አንደኛው ሲጨክን የሌላው ልብ ራራ። በኋላም በቀራንዮ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ተሰቅለው ሲገኙ፣ የምድራዊው መንግሥት ፍርድ ሁለቱን አንድ አድርጎ የቀጣ ሲሆን፣ በመካከላቸው የተሰቀለው ጌታ ግን ለየብቻ አያቸው። ይህን ትረካ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ዳኛ፣ በአንድ ሌሊት አብረው የተገኙ ሦስት ሰዎች ሦስት ልብ እንዳላቸው ለመቀበል ሊቸገር አይገባውም።

የሕጉ ቃልም ከዚህ አይርቅም። አንቀጽ 88 ቅጣት የሚወሰነው በወንጀል አድራጊው የግል ጥፋተኝነት መጠን ሆኖ፣ አደገኛነቱ፣ ያለፈ ሕይወቱ፣ ወንጀሉን ለመሥራት ያነሣሣው ምክንያትና ሐሳቡ፣ የግል ኑሮው ሁኔታና የትምህርቱ ደረጃ፣ እንዲሁም የወንጀሉ ከባድነት ታይቶ ነው ይላል። ቅጣትን ከሚያከብዱት ጠቅላላ ምክንያቶች መካከል፣ አንቀጽ 84 ወንጀሉ በስምምነት፣ ከሌሎች ጋር በኅብረት መሠራቱን፣ በተለይም ጥፋተኛው አለቃ፣ አደራጅ ወይም መሪ ሆኖ መገኘቱን ይጠቅሳል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ችላ ሲባል ግን የአንድን ልጅ ዓመታት ይበላል። ሕጉ አንድን ነገር አስቀድሞ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ወይም ማክበጃ አድርጎ በልዩ አንቀጽ ከቈጠረው፣ ፍርድ ቤቱ ያንኑ ነገር ዳግመኛ ማክበጃ አድርጎ ሊቈጥረው አይችልም። ልጁ በቡድን አባልነት በአንቀጽ 671 ከተቀጣ፣ ‹‹ከሌሎች ጋር ስለ ሆነ›› ተብሎ በአንቀጽ 84 እንደ ገና ሊከብድበት አይገባም። ከዚያም በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ ሦስት የሰፈር ልጆች በአንድ ምሽት አብረው መገኘታቸው ‹‹ለውንብድና የተቋቋመ ቡድን›› ያደርጋቸዋልን? እኔ አያደርጋቸውም እላለሁ። ቡድን የሚያሰኘው ከአንድ ሌሊት ያለፈ መተሳሰር፣ የተከፋፈለ ተግባር፣ የታሰበበት ተከታታይ ዓላማ ነው፤ ይህ ሳይረጋገጥ የ5 ዓመቱን መነሻ በታናሹ ላይ መጫን ሕጉ ያላለውን ማስባል ይሆናል።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ያው አንድ ኅብረት ለታላቁ ማክበጃ ሲሆን ለታናሹ ማቅለያ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሳበ፣ ሌላው የተሳበ ነውና። ወጣት ብቻውን ሲሆን የማይደፍረውን ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን እንደሚደፍር እናቶቻችን ‹‹ከማን ጋር ነው የዋልከው?›› በሚለው ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ሲገልጹት ኖረዋል፤ በዘመናችን ደግሞ ምርምር አረጋግጦታል። በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ ማኬይ የተባሉ የቺካጎ ሊቃውንት፣ በዚያች ከተማ ፍርድ ቤት የቀረቡትን ልጆች መዝገብ መርምረው፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥፋታቸውን ከሌላ ልጅ ጋር ሆነው እንደ ሠሩት አገኙ። በዚሁ አቈጣጠር በ2005 ደግሞ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ 306 ሰዎችን በዕድሜ ከፍለው በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ ፈተኗቸው፤ ቢጫ መብራት ሲበራ ማቆም ወይም ለመቅደም መድፈር የሚጠይቅ ጨዋታ ነበር። ብቻቸውን ሲጫወቱ በወጣቶቹና በዐዋቂዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ቆመው ሲያዩ ግን ታዳጊዎቹና ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ወደ አደጋው አብልጠው ገቡ፤ 24 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ላይ ግን የጓደኛ መኖር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። የምሳሌያችን ታላቅና ታናሽ በዚህ መስመር ግራና ቀኝ መቆማቸውን ልብ ይሏል።

የሀገራችን ሕግ ዕድሜን በአራት ደረጃ ያያል። ከ9 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፤ ለእርሱም ከቅጣት ይልቅ ተግሣጽ፣ በቤት መጠበቅ፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ መግባትና ይህን የመሰሉ ርምጃዎች ተዘጋጅተውለታል፤ ዳኛውም ወላጆችንና አስተማሪዎችን ጠርቶ ስለ አስተዳደጉ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ሆኖም በአንቀጽ 56 መሠረት ዕድሜው፣ ለመታረም ያለው ዝንባሌና የአእምሮው ብስለት ታይቶ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ የሞት ቅጣትም በእርሱ ላይ ከቶ አይፈረድም። 18 ዓመት የሞላው ግን በአንዲት ሌሊት ከዚህ ጥበቃ ሁሉ ወጥቶ፣ ከ40 ዓመት ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል። ለሕግ ወሰን ያስፈልገዋልና ወሰኑን አልነቅፍም፤ ወሰኑን የተሻገረውን ልጅ ግን ተሻግሮ የቆየ ዐዋቂ አድርጎ ማየትን አጥብቄ እነቅፋለሁ።

ወሰኑ ራሱ በሀገራችን ምን ያህል የሚያወላውል እንደ ሆነ የዕድሜ ክርክር ያየ ሰው ያውቃል። የልደት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ በአዋጅ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ ዕድሜው በተጠየቀ ጊዜ እናቱ ክርስትና የተነሣበትን የምስክር ወረቀት ከቤተ ክርስቲያን ይዛ ትመጣለች፤ ትምህርት ቤቱ በመዝገቡ ያሰፈረውን ይልካል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ልጁ ወደ ሐኪም ቤት ተልኮ የእጁ አጥንት በራጅ ይነሣል፤ ሐኪሙም ‹‹ከ17 እስከ 19 ዓመት ይገመታል›› የሚል ወረቀት ይሰጣል። በዚህች ወረቀት ላይ ነው እንግዲህ የአንድ ሰው ዕጣ የሚንጠለጠለው። ጥርጣሬ ለተከሳሹ ይጠቅማል የሚለው የቈየ የፍትሕ መርሕ በዚህ ላይ ሳያወላዳ ሊሠራ ይገባዋል።

‹‹የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው›› ስለሚባለውም ነገር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጥፋተኛነቱ ከተነገረ በኋላ ፍርድ ቤቱ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐቱ መሠረት በቅድሚያ ዐቃቤ ሕጉን፣ ቀጥሎም ተከሳሹን ስለ ቅጣቱ ያላቸውን አስተያየት ይጠይቃል። ዐቃቤ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ‹‹ሪከርድ የለበትም›› ይላል፤ በዚያም ነገሩ ያልቃል፤ አንድ ማቅለያ ተቈጠረለት ይባላል። ነገር ግን የአንቀጽ 82 ቃል ከዚህ የሰፋ ነው፤ ጥፋተኛው ቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው ሆኖ፣ በአእምሮ ጉድለት፣ ባለማወቅ፣ በየዋህነት ወይም ባልታሰበ አጋጣሚ ተገፋፍቶ እንደ ሆነ ይመርመር ይላል። የወንጀል መዝገብ ያልተገኘበትን ባዶ ወረቀት ማንበብና የአንድን ልጅ የ18 ዓመት ኑሮ ማንበብ አንድ አይደለም። ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ከታላቁ ልጅ ጋር በምን እንደ ተዋወቀ፣ ከዚያች ሌሊት በፊት ቀኑን በምን ሥራ ሲያሳልፍ እንደ ኖረ የሚያውቅ ሰው ተጠርቶ መጠየቅ ይኖርበታል። ተከላካይ ጠበቃው የእድሩን ደብዳቤና የቀበሌውን ወረቀት ያቀርባል፤ እነዚህ ወረቀቶች ግን በአንድ ዐይነት ቃል ለሁሉ ስለሚጻፉ ዳኛውን አያስተምሩትም። ለልጆች ብቻ የተሠራው የአስተዳደግ ምርመራ እስከ 21 ዓመት ላሉትም ቢደረግ፣ የፍርዱ ሚዛን እጅግ በተስተካከለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያው አንቀጽ ንስሐንም አይዘነጋም። ጥፋቱን ያመነ፣ ራሱን ለፍትሕ የሰጠ፣ የተበደለውን የረዳ ወይም በተቻለው የካሠ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። በሀገራችን የልጁ ቤተ ሰብ ሽማግሌ ይዞ ወደ ተበዳይዋ ቤት መሄዱ የታወቀ ነው፤ ውንብድና ግን በዕርቅ የሚቋረጥ ክስ አይደለምና፣ ዕርቁ ቢፈጸምም ፍርዱ ይቀጥላል። ይህን የማያውቁ ቤተ ሰቦች ‹‹ታርቀናል፤ ልጃችን ለምን አይለቀቅም?›› እያሉ ይማረራሉ። ዕርቁ የሚጠቅመው ክሱን ለማቆም ሳይሆን ቅጣቱን ለመመዘን ነው። በዚህም ላይ ዳኛው እንዲጠነቀቅ ያስፈልጋል፤ ካሣ የከፈለው አባት ነው ወይስ ልጁ? ሽማግሌ ለመላክ ዐቅም ያለው ቤተ ሰብ ልጅ ንስሐ እንደ ገባ ተቈጥሮ፣ ወላጅ የሌለው የጎዳና ልጅ ልቡ እንደ ደነደነ ሊቈጠር አይገባውም። የምሳሌያችን ታናሽ በተያዘበት ሌሊት እውነቱን መናገሩ፣ ከሁሉ የቀደመውና ከሁሉ የታመነው የንስሐ ምልክት ነው።

በአንድ ዐይነት ጥፋት በአንዱ ችሎት 3 ዓመት፣ በሌላው 9 ዓመት ይፈረድ ነበርና፣ ይህን ለማስተካከል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሕጉ በተሰጠው ሥልጣን በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሻሻለው። ዳኛው የወንጀሉን ደረጃ ለይቶ፣ ከሰንጠረዡ መነሻውን አግኝቶ፣ በማክበጃው እርከን ወደ ላይ፣ በማቅለያው እርከን ወደ ታች እያለ ይደርሳል። መመሪያው የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ድኻውንና ባለጠጋውን በአንድ ሰንጠረዥ አስቀምጧልና። አደጋው ሰንጠረዡ የዳኛውን ኅሊና የተካ እንደ ሆነ ነው። ሕጉ በአንቀጽ 86 በስም ያልተጠቀሱ ማቅለያዎችንም ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ገልጾ እንዲቀበል በር ከፍቶለታል፤ የእኩዮች ግፊትና የወጣትነት ልብ የሚገቡት በዚህ በር ነው። በሩ የሚከፈተው ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ለሚያሰፍር ዳኛ ብቻ ነው።

ቅጣቱ ከተነገረ በኋላ ምን እንደሚሆን ሳያስቡ ስለ ቅጣት መናገር ደግሞ ከንቱ ነው። ሦስቱ ልጆች 6 ዓመት ተፈረደባቸው እንበል። በምርመራና በክርክር ታስረው የቈዩበት ጊዜ ይታሰብላቸዋል፤ መልካም ጠባይ ያሳየም ከዘመኑ ሁለት ሦስተኛውን ማለትም 4 ዓመት ከፈጸመ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። ታናሹ በ18 ዓመቱ ገብቶ በ22 ዓመቱ ይወጣል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ለሕፃናት ከዐዋቂዎች ተለይቶ የመያዝን መብት ሰጥቷል፤ ይህ ልጅ ግን ወሰኑን በሦስት ወር ስላለፈ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከታላቁ ጋር ጎን ለጎን ይተኛል። የነቀዘውንና ያልነቀዘውን እህል በአንድ ጆንያ ከቶ መስፋት ይህ ነው። በማረሚያ ቤቶቻችን ትምህርት መኖሩን፣ ሙያ የሚማሩ መኖራቸውን አልክድም፤ ብዙዎች በዚያ ፈተና ተፈትነው አልፈዋል። ነገር ግን በዚያው አዳራሽ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስተምረው ሌላ መምህር ነው።

ሕጉ ሌላ መንገድም አሳይቷል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው ዳግመኛ ወደ ወንጀል እንደማይመለስ ባመነ ጊዜ፣ ቅጣቱን ከ2 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ የፈተና ጊዜ ሊገድበው ይችላል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ጠባዩን ካላሳመረ ቅጣቱ ይፈጸምበታል። ለውንብድና ገደብ መስጠት ብዙዎችን ያስቈጣል፤ ቍጣቸውም ከሴቲቱ ፍርሀት የመጣ ስለ ሆነ ሊከበር ይገባል። ስለዚህ እኔ ለአንገት አናቂው ገደብ ይሰጥ አልልም፤ እርሱ ዕድሜው ለብስለት የደረሰ፣ ያለፈው ቅጣት ያላስተማረው፣ ሁለቱን የመራ ነው፤ ረዘም ያለ ጽኑ እሥራት ይገባዋል። ለመካከለኛውም እሥራት ይገባዋል፤ እጁ ነጥቋልና። ታናሹ ግን ከዝቅተኛው መነሻ አጠገብ በሚሆን ቅጣት ተፈርዶበት፣ ታስሮ የቈየው ታስቦለት፣ ቀሪው በገደብ ሆኖ፣ ለሴቲቱ ካሣ ሠርቶ እንዲከፍል፣ ከታላቁም ልጅ እንዲርቅ፣ ጠባዩንም የሚከታተል ሰው እንዲመደብለት ቢታዘዝ፣ ሴቲቱም ልጁም ሕዝቡም ከሌላው ፍርድ ሁሉ ይልቅ ይጠቀማሉ። በታላቁና በታናሹ መካከል ያለው ልዩነት በወር ሳይሆን በዓመታት የሚቈጠር መሆን አለበት። ‹‹ሁሉም እኩል ይቀጡ›› የሚለው ድምፅ ፍትሕ ይመስላል፤ እኩል ያልበደሉትን እኩል መቅጣት ግን ርትዕ የጎደለው ፍርድ ነው።

ስለዚህም በችሎት ለምትቀመጡ ዳኞች፣ ለዐቃብያነ ሕግና ለተከላካይ ጠበቆች አንድ ልመና አቀርባለሁ። ሦስት ተከሳሾች ባሉበት የቅጣት ውሳኔ ውስጥ ለእያንዳንዱ የራሱ የሆነ አንቀጽ ጻፉለት፤ በዚያም አንቀጽ ውስጥ እርሱ ብቻውን ያደረገውን፣ እርሱ ብቻውን ያሰበውን፣ የእርሱን ብቻ ዕድሜና ኑሮ አስፍሩ፤ ‹‹1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ተከሳሾች›› በሚል በአንድ ዐረፍተ ነገር ደርባችሁ አታልፏቸው።